«ለቪዛ ብቻ ነው» ካሏችሁ እንዳትፈርሙ

የእናቴን የጉዞ ኢንሹራንስ ከሸጠልኝ ቢሮ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ሆናችሁ እናት ወይም አባታችሁን ውጭ አገር ልጅ ጋ ለመላክ ወረቀት እየጨረሳችሁ ከሆነ እባካችሁ ይቺን አንብቡ።

ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ ናቸው፣ በሩ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል አለ። ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ኢንሹራንስም በዚያው ይሸጣሉ። ስትገቡ «አረፍ በሉ» ይባላል፣ ቡና ይታዘዛል፣ እናታችሁ «እናታችን» ትሆናለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉንም አንድ ቦታ የሚጨርስልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ታናሽ እህቴ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ወለደች። እማዬ ልታርሳት ነው የሄደችው። ሻንጣዋ ግማሹ የገንፎ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ነበር። የዘጌ ቡናዋንም ራሷ ለቅማ ነው የቋጠረችው።

ለሸንገን ቪዛ፣ ማለት ጀርመንና ሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያስገባው ቪዛ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ ክፉ ቀን ከመጣም አስከሬን ወደ አገር መመለስን ይጨምራል። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ያላወቅኩት 30,000 ዩሮ የሚል ወረቀት መያዝና በእርግጥ ተሸፍኖ መሄድ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

የኢንሹራንሱን ፎርም የሞላን ቀን እማዬ አብራኝ ነበረች። ሰውየው «ቀድሞ የነበረ ሕመም አለ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እሷ ቦርሳዋን ከፈተች። ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የክትትል ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ይዛው መጥታለች። ፌስታሉን በጥንቃቄ ፈትታ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። መድኃኒቶቿ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፈዋል።

ሰውየው አልገለጠውም። በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ መለሰው።

«ስኳርና ግፊት አለባት» አልኩት።

«አታካብጂው እህቴ። ይሄ ለቪዛ ብቻ ነው። ይሄን ከጻፍሽ አረቦኑ፣ የኢንሹራንሱ ክፍያ ማለት ነው፣ ይጨምራል፣ የሐኪም ወረቀትም ይጠይቁሻል፣ ቀጠሮሽ ያልፋል።»

ከዚያ «የለም» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። እኔም ፈረምኩ። በእናቴ ስም፣ ዓይኔ እያየ። ውሉ ዘጠኝ ገጽ ነበር፣ አንዱንም አላነበብኩም። ደረጃውን ስንወርድ እማዬ «ስኳሬን ነገርሽው አይደል?» አለችኝ። «አዎ ነግሬዋለሁ» አልኳት። እውነት ነው፣ ነግሬዋለሁ። አለመጻፉን ግን አልነገርኳትም።

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ፍልሰታን እዚህ እንደምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም አለች። እህቴ አራስ ናት፣ ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር ነቅታ ታድራለች፣ ልብ አላለችም። እማዬ የስኳር ክኒኗን፣ ግሊበንክላማይዱን፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ ውጣ ዋለች። ይሄ መድኃኒት ምግብ ካልተበላበት ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፣ በትልልቅ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ውስጥ ላቧ ጠብ እያለ ንግግሯ ተደነቃቀፈ፣ ከዚያ ወደቀች። እህቴ 112 ደወለች። አምቡላንሱ ቶሎ ደረሰ፣ ግሉኮስ ሰጧት፣ ነቃች። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሯ እንደገና ሊወርድ ይችላል ብለው ሦስት ሌሊት አስተኟት።

እናቴ ተርፋለች። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሂሳቡ ከነአምቡላንሱ 3,870 ዩሮ መጣ። እኛም አልደነገጥንም። ኢንሹራንስ አለን ብለን ወረቀቱን ሁሉ ላክን። መልሱ የመጣው ትናንት ማታ ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ በሰጠው ወረቀት ላይ «ለዓመታት የቆየ ስኳር» የሚል አለ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም ደግሞ በዚህ ውል አይሸፈንም። ሁለተኛ፣ ተጓዧ ሕመም የለብኝም ብላ ፈርማለች። ስለዚህ ካሳ አይከፈልም።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ደረስኩ። ቡና የለም፣ «አረፍ በይ» የለም። ቆሜ ነው ያስረዳሁት። ስጨርስ ፋይሉን አወጣና ፎርሙን ወደ እኔ አዞረው። በእስክሪብቶው ክዳን ከታች ያለውን መስመር ነካ ነካ አደረገ።

«ይሄ ፊርማ የማነው?»

«የኔ ነው። ግን የለም ያልከው አንተ ነህ።»

«ፊርማው የማነው ነው ያልኩሽ።»

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ያበገነኝ እሱ ነው። ልክ እንደዚያ ቀን ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። የእናቴን ደብተር የገፋበት ጣት ነው ፊርማዬን የሚያሳየኝ። «ለቪዛ ነው የገዛሽው፣ ቪዛው ተሰጥቷታል፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?» አለኝ። ለመልስ አፌን ሳልከፍት በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ ከኋላዬ ለገቡት ሰዎች «አረፍ በሉ አባባ» አለ።

አንድ ወጣት ነው፣ ከዘራ የያዙ አባቱን ይዞ የመጣ። ልጁ ገና ሳይቀመጥ «ልባቸውን ያማቸዋል፣ ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀ።

«አታካብደው ወንድሜ። ለቪዛ ብቻ ነው።»

ቃል በቃል! እኔ እዚያው ቆሜ! «እንዳትፈርም!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ተጠራ፣ ክንዴን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ታች ዝናብ ነበር፣ በረንዳው ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ወረዱ። ልጁ ቡናማ ፖስታ ይዟል። ላናግረው ስጠጋ ፊቱን አዙሮ ባጃጅ አስቆመ። የጻፍኩት ለሱም ጭምር ነው፣ ምናልባት ያየው ይሆናል።

እናንተ ሕመሙን ከነመድኃኒቱ ስም ፎርሙ ላይ አስጽፉ፣ በተለይ በቅርብ ወራት መድኃኒት ተቀይሮ ከሆነ። ቀድሞ የነበረ ሕመም በድንገት ቢነሳ ይሸፍን እንደሆነ ኩባንያው ራሱ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። የሻጩ ቃል አይበቃም። አይሸፍንም ካሉ ተጨማሪ አረቦን ከፍላችሁም ቢሆን የሚሸፍን ፈልጉ። ውሉ ላይ ከሁሉ በፊት የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ አንብቡ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ እኔ አቤቱታዬን እዚያ አስገባለሁ። ፊርማዬ ግን አሁንም ወረቀቱ ላይ አለ።

እህቴ ሆስፒታሉን ለምና ሂሳቡን በየወሩ ቆራርጣ ልትከፍል ነው፣ ከአራስ ቤት ሳትወጣ። ለእማዬ አልነገርናትም። አሁን እየጻፍኩ እያለ ደወለች። «ኢንሹራንሱ ከፈለ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ከፍሏል» አልኳት።