ፈረንሳይ አልፕስ ላይ ከነምግቡ የሚከራይ የስኪ ቤት፦ ለጾመኛና አሳማ ለማይበላ ሰው እንዴት ነው?

ጥር ላይ ከስራ ጓደኞቼ ጋር ለአንድ ሳምንት ፈረንሳይ ሄደን ነበር፣ ሜሪቤል የሚባል ቦታ፣ ከጄኔቭ ኤርፖርት በቫን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለ ስኪው የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ እኔ የምጽፈው ስለ ምግቡ ነው፣ ምክንያቱም ከመሄዴ በፊት በአማርኛ ብፈልግ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም፣ ያስጨነቀኝም እሱ ነበር እንጂ ብርዱ አይደለም። ረቡዕና አርብ እጾማለሁ፣ አሳማ አልበላም፣ የምንሄድበት ቤት ደግሞ ሜኑ የለውም፣ ሼፏ ያበሰለችውን ነው ሁሉም ሰው የሚበላው።

ላልሰማችሁ፣ ሻሌ የሚሉት የእንጨት የተራራ ቤት ነው፣ ካተርድ ሻሌ ሲሉ ደግሞ ቤቱን ከነአብሳዩ ነው የምትከራዩት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትኩስ ቁርስ፣ ከስኪ ስትመለሱ 10 ሰዓት ላይ ኬክና ሻይ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሶስት ዙር እራት ከነወይኑ (ሰዓቱን በኛ ነው የጻፍኩት)። ምሳ የለበትም፣ ምሳ ተራራው ላይ በራሳችሁ ኪስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሰራተኞቹ ያርፋሉ፣ ያን ቀን እራት ውጪ ነው የሚበላው፣ የኛ ረቡዕ ላይ ዋለ፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ቤቱ 12 ሰው ይይዛል፣ እኛ አምስት ነበርን፣ የቀሩት ሰባቱ የማናውቃቸው እንግሊዞች፣ ሁላችንም አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ። ሜሪቤል ላይ እንግሊዝ መብዛቱ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ ቦታውን በ1938 የጀመረው ፒተር ሊንድሴይ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ እዛ ሄዶ ስኪ መጫወት ስላልፈለገ ሌላ ቦታ ፍለጋ መጥቶ ነው። ቤቶቹ አሁንም እንጨትና ድንጋይ ናቸው፣ ኮንክሪት የተቆለለበት መንደር አይደለም፣ ማታ መብራቱ በረዶው ላይ ሲያርፍ በጣም ያምራል።

ቅዳሜ ማታ ደረስን። እኔ ቡክ ስናደርግ ፎርሙ ላይ አሳማ እንደማልበላ፣ ረቡዕና አርብ ስጋ ቅቤ ወተት እንቁላል እንደማልነካ ሞልቻለሁ፣ ኢሜይልም ልኬ ደርሶናል ብለው መልሰውልኛል። እራት ሲመጣ ዋናው ምግብ የአሳማ ስጋ። የኔን ሳህን ስመልስላት ሼፏ ደነገጠች፣ ወረቀቷን አምጥታ አሳየችኝ፣ ስለኔ የተጻፈ ምንም ነገር የለም፣ ቢሮው አላስተላለፈላትም። ጥፋቱ የሷ አልነበረም ግን ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሳልመን ጠብሳ ከድንችና ከስፒናች ጋር አቀረበችልኝ፣ ሌላው ሰው ሳይጨርስ ደረሰልኝ። ከዛ እቃው ከታጠበ በኋላ ደብተር ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና የሳምንቱን ምግብ በሙሉ አንድ በአንድ አየነው፣ ይሄ ይገባል፣ ይሄ አይገባም፣ ሾርባው በምን ይሰራል፣ ዳቦው ውስጥ ቅቤ አለ ወይ፣ ለምንድነው ግን የምትጾሙት፣ በዓመት ስንት ቀን ነው። እድሜዋ ሃያ ሶስት ሃያ አራት ቢሆን ነው። የካምፓኒውን ስም የማልጽፈው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቢሮውን ብወቅስ ወቀሳው እሷ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም።

ወደ ምግቡ። የሳቫዋ ምግብ (ሜሪቤል ያለበት አካባቢ ሳቫዋ ይባላል) በአጭሩ ቺዝ፣ ድንችና አሳማ ነው። ሰኞ ማታ ታርቲፍሌት ነበር፣ ድንቹ ተቀቅሎ ከሽንኩርትና ከቤከን ጋር ይጠበስና ሬብሎሾን የሚባል ለስላሳ ቺዝ ለሁለት ተሰንጥቆ ላዩ ላይ ይደረግና ኦቨን ይገባል፣ ቺዙ ቀልጦ ድንቹ መሃል ይሰርጋል፣ ላዩ ቡኒ ይሆናል። ለኔ በቤከኑ ቦታ እንጉዳይ አስገብታ በትንሽ የሸክላ ሳህን ለብቻ ሰራችልኝ፣ ከእውነት ነው የምላችሁ የኔን ቀምሰው የነሱን የተዉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሬብሎሾን የሚለው ስም እዛው ሀገር ቃል ደግሞ ማለብ ከሚለው ነው የመጣው፣ ድሮ ገበሬው ለባለመሬቱ የሚገብረው በሚታለበው ወተት ልክ ነበርና ሰፋሪው ሲመጣ ላሚቷን አጋምሶ ያልባታል፣ ሰውየው ሲሄድ ደግሞ ያልባታል፣ ያ ሁለተኛው ወተት ቅባቱ ብዙ ነው፣ ቺዙ የሚሰራው ከሱ ነበር። ይሄን ሲነግሩኝ አያቴ ስለ ጭሰኝነት ዘመን ስታወራ ትዝ አለችኝ፣ ባላባቱ መጥቶ እህሉ ሳይሰፈር በፊት ማታ ማታ ምን ያህል እንደሚሸሽግ ታወራን ነበር፣ ገበሬ የትም ገበሬ ነው። ታርቲፍሌት ግን የድሮ ምግብ አይደለም፣ ፔላ ከሚባል የቆየ የድንች ምግብ ተነስተው በ1980ዎቹ የሬብሎሾን አምራቾች ቺዛቸው እንዲሸጥ ያስፋፉት ነው፣ ብዙ ሰው የጥንት ይመስለዋል።

ማክሰኞ ራክሌት። ትልቅ ክብ ቺዝ ግማሹን ወደ ማሞቂያው ያስጠጉትና የቀለጠውን በቢላ እየፋቁ የተቀቀለ ድንች ላይ ያፈሱታል፣ አጠገቡ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ትንንሽ ኪያርና ሽንኩርት አለ፣ እሱ ባይኖር ቺዙ ያቅራል። ከጎኑ የደረቀ ስጋ በትልቅ ሳህን ይመጣል፣ አብዛኛው አሳማ ነው፣ ለኔ ግን ከስዊዘርላንድ ግራውቡንደን የሚመጣ የበሬ ስጋ ገዝታልኝ ነበር፣ በጨውና በቅመም ታሽቶ አየር ላይ ይደርቅና በስሱ ይቆረጣል። ቋንጣ ነው! በርበሬ ያልነካው ቋንጣ። አፌ ላይ ሳደርገው ቤታችን ጣራ ስር የሚሰቀለው ገመድ ነው የታየኝ። እኛ ሀገር ፀሐዩና ደረቁ አየር እንደሚሰራው እዛም የተራራው ደረቅ ንፋስ ነው የሚሰራው፣ ሰው በተለያየ ቦታ ሆኖ አንድ ነገር ላይ መድረሱ ደስ ይላል።

ሐሙስ ፎንዱ ነበር፣ ለኔ የሳምንቱ ምርጥ ማታ። ቦፎርና ሌላ ቺዝ በነጭ ወይን ይቀልጥና ድስቱ እሳት ላይ እንዳለ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ሰው ረጅም ሹካ ይይዝና ዳቦ እየነከረ ከአንድ ድስት ይበላል። እንግሊዞቹ መጀመሪያ እጅ ለእጅ ላለመነካካት ሲጠነቀቁ ነበር፣ እኔ ግን ከአንድ ማዕድ መብላት ነው ያደግኩበት፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ቀስ በቀስ ሁሉም ተጠጋ፣ እስከዛ ቀን ስማቸውን እንኳን በደንብ ያልያዝኳቸው ሰዎች ያን ማታ ስለልጆቻቸው ስለህመማቸው ሁሉ አወሩ። አንዱ ሰውዬ ኢትዮጵያዊ ስኪ ይጫወታል እንዴ ብሎ በቅንነት ጠየቀኝ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ እንደተወዳደረ፣ በ2010 ቫንኩቨርም እንደደገመ ነገርኩት፣ ቱሪን ደግሞ ከነበርንበት ተራራ ማዶ ናት፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አየ። መጨረሻ ላይ ድስቱ ታች የሚይዘውን ቅርፊት ይፍቁታል፣ ስሙ መነኩሲት ነው በነሱ ቋንቋ፣ እንደ ሽሮ ድስት ተፍቆ የሚበላው ነገር፣ ለኔ ሰጡኝ። ሙስሊም ወይም አልኮል የማይነካ ሰው ግን ይወቀው፣ ፎንዱ ውስጥ ወይን አለበት፣ አንዳንዴ ኪርሽ የሚባል አረቄም ይጨመርበታል፣ ቀድማችሁ ንገሩ።

ኬኩን ሳልረሳ። ከበረዶ ወጥታችሁ፣ እግራችሁ ከዛ ከባድ ቡትስ ሲላቀቅ፣ በር ከፍታችሁ የሎሚ ኬክ ሲሸታችሁ ያለው ስሜት በቃ ሌላ ነው። ሼፏ እዚህ ከፍታ ላይ ኬክ ያስቸግራል ትለኛለች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይወድቃል፣ ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደር ትቀንሳለች፣ ፈሳሽ ትጨምራለች። ስንት ሜትር ላይ ነን ስላት 1,450 አለችኝ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው ስላት አላመነችም፣ ስልኳ ላይ አይታ ነው ያመነችው። ቫል ቶራንስ የሚባለው ጎረቤት መንደር 2,300 ሜትር ላይ ሆኖ በአውሮፓ ከፍተኛው የስኪ መንደር ይባላል፣ እናቴ ከዛ በላይ ከፍታ ላይ ነው እድሜዋን ሙሉ ድፎ የደፋችው።

ቁርሱ ደህና ነው፣ እንቁላል፣ ገንፎ መሳይ አጃ፣ ትኩስ ባጌት። ቡናው ግን ደካማ ነው፣ የተፈጨ የቆየ ቡና ሙቅ ውሃ ይፈስበታል በቃ፣ ከቤታችሁ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ረቡዕ። ሰራተኞቹ ያረፉበት ቀንና የኔ ጾም አንድ ላይ ዋሉ። ሼፏ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እንቁላልና ቅቤ የሌለበት የሙዝ ኬክ በዘይት ጋግራ ስሜን ጽፋበት ትታልኝ ሄዳለች፣ እስከዛ ድረስ ደህና ነበር። ማታ መንደሩ ውስጥ አንድ ሬስቶራንት ገባን፣ ሜኑውን ከላይ እስከታች ብናየው ቺዝ ያልነካው ነገር የለም፣ አስተናጋጁን ስጠይቀው ሰላጣ ብሉ አለ፣ ሰላጣው ቺዝ ተነስንሶበት መጣ፣ መልሱልኝ ስል ቺዙን አንስተው ያንኑ ሰላጣ አመጡት። በመጨረሻ ድንች ጥብስ በላሁ፣ በ11 ዩሮ። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ላይ ውዬ ነበር፣ ሰውነት ምግብ ይፈልጋል። ረቡዕ የምትጾሙ ከሆነ የሰራተኞቹ እረፍት የትኛው ቀን እንደሆነ ቡክ ሳታደርጉ ጠይቁ፣ አለዚያ ከሰዓት ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ፓስታና ቲማቲም ግዙና ቤት አብስሉ፣ ሌላ ጊዜ እኔ የማደርገው እሱን ነው።

አርብ ካሰኝ። እስከ 6 ሰዓት ስለምጾም ቁርስ አልበላም ብያት ነበር፣ ከቤት ስወጣ ባጌት ውስጥ ሁሙስ (የሽምብራ ቅባት ነው) እና የተጠበሰ በርበሬ አድርጋ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሶሊር የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጬ በላሁት፣ ሞን ብላን ከሩቅ ይታያል፣ እንደዛ የጣመኝ ምሳ አላስታውስም። ማታ ደግሞ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለጠረጴዛው በሙሉ የጾም እራት ሰራች፣ ጠይቃቸው እሺ ብለዋት ነው። መጀመሪያ የዱባ ሾርባ፣ ቀጥሎ የፑዊ ምስር፣ እሱ ትንሽ አረንጓዴ ምስር ነው የማይፈርስ፣ ከካሮትና ከቲም ቅጠል ጋር በወይራ ዘይት፣ ከጎኑ ኦቨን ውስጥ የተጠበሰ አበባ ጎመን፣ መጨረሻ በቀይ ወይን የተቀቀለ ፒር። ምስሩ ማቃጠል ይቀረው ነበርና ከሻንጣዬ ሚጥሚጣ አመጣሁ፣ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ሶስቴ ጨመሩ፣ ሼፏም ኩሽና ውስጥ ቆማ ከድስቱ እየቀመሰች ነበር፣ የተረፈውን ሚጥሚጣ ከነፕላስቲኩ ትቼላት መጣሁ።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ሳምንቱን ቤቱና ምግቡ ለአንድ ሰው 1,150 ፓውንድ ነው የከፈልኩት፣ ሊፍት ፓሱ (ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ቲኬት) ብቻውን ከ350 ዩሮ በላይ ነው፣ 600 ኪሎሜትር የስኪ መንገድ ስለሚያስገባ፣ የስኪ እቃ ኪራይና ምሳ ደግሞ ለብቻ። ግን ቁርስ፣ ኬክና እራት ከነወይኑ ውስጡ ስላለ ሆቴል ይዞ ውጪ ከመብላት የሚሻል ይመስለኛል፣ ተራራ ላይ አንድ ሳህን ምግብ ስንት እንደሆነ ስታዩ ይገባችኋል። ለምግቡ ከ10 9 እሰጣለሁ፣ ለሼፏ 10፣ ለቡናው 4፣ ለቢሮው 3። ፎርም ላይ መሙላት አይበቃም፣ ከመሄዳችሁ ሶስት ቀን በፊት ደውሉና መልእክቱ ራሷ ከምታበስለው ሰው ጋ መድረሱን አረጋግጡ። ሳምንቱን ስትመርጡ ደግሞ ከገና በኋላ ነነዌ ሳይገባ ያለውን ያዙ፣ ፌብሩዋሪ ላይ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ዋጋው ይንራል፣ ሁዳዴ ከያዘባችሁ ደግሞ ራክሌቱም ፎንዱም አመለጣችሁ።