ሮምን በስኩተር፦ ለየትኛው ልክፈል ለምትሉኝ

ሐምሌ በገባ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። አንዱ ከሜሪላንድ፣ ሌላው ከዱባይ፣ ሌላው ከስቶክሆልም ይደውላል። «ሮም አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን። ያ ቆመው በሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር የሚያስጎበኙት ነገር ያዋጣል?» ነው ጥያቄው። ስንት ጊዜ መለስኩ። ግን በስልክ ሳወራ ሰው ዋጋውን ብቻ ይይዝና የቀረውን ይረሳዋል። ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መልሴን ከፊት ልንገራችሁ። እኔ የምመርጠው ከአስጎብኚ ጋር፣ በትንሽ ቡድን፣ ባለ ነፋስ ጎማ ስኩተር ነው። በስልክ መተግበሪያ ከመንገድ ዳር የሚነሳውን አልመክርም። ሁለት ጎማው ጎን ለጎን የሆነውና ሴግዌይ የሚባለው ላይ ዛሬ ገንዘቤን አላወጣም። ጎልፍ ካር፣ ያ ተቀምጠው የሚሄዱበት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ለእናትና ለአባት ነው።

ከሜዳ ተነስቼ አይደለም ይህን የምለው። እዚህ ከተማ አራት ዓመት የኪራይ ስኩተር ስጠግን ኖሬያለሁ። የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ቡሎን እንደሚላላ በእጄ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ኮሎሲየም አጠገብ አንድ ደላላ አገኛት። «የሦስት ሰዓት ጉብኝት፣ አስጎብኚ አለው፣ በሰው 35 ዩሮ» አላት። ሌላ ቦታ 55 ስለሰማች ደስ አላት። ለሦስት ሰው 105 ዩሮ በጥሬው ከፈለች። ደረሰኝ የለም። ትንሹ ልጇ ገና 13 ዓመቱ ነው። በጣሊያን ሕግ ስኩተር ለመንዳት 14 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዕድሜውን የጠየቀ ሰው የለም።

አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለችልኝ። «ኧረ ወንድሜ ድረስልኝ፣ ይሄ ነገር ዳገቱ ላይ ቆመ» አለችኝ። አቬንቲኖ ኮረብታ መውጫ ላይ አገኘኋቸው። አስጎብኚ የተባለው ልጅ የቀሩትን ሰዎች ይዞ ሄዷል። ስኩተሩን ገልብጬ አየሁት። የታወቀ ፋብሪካ ስም ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ ግን የፋብሪካ ቁጥር የለውም። ፎርጅድ ነው። ሦስቱንም እየገፋን አወረድናቸው። ገንዘቧ አልተመለሰም። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «የኮሎሲየም ጉብኝት» ተብሎ ነው የተሸጠላት፤ የመግቢያ ቲኬት አልነበረውም።

ይህን ልብ በሉልኝ። የትኛውም ስኩተር ኮሎሲየም ውስጥ አይገባም። ፎረሙ፣ ማለትም የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ውስጥም አይገባም። የስኩተር ጉብኝት ማለት ሁሉንም ከውጭ ማየት ነው። ውስጡን ከፈለጋችሁ ቲኬቱ ለብቻው 18 ዩሮ ነው፤ ኮሎሲየሙን፣ ፎረሙንና ፓላቲኖ ኮረብታን ይይዛል። ሽያጩ ከ30 ቀን በፊት ይከፈታል፣ ቶሎም ያልቃል። ስማችሁ ይጻፍበታል፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፣ ግን እነሱም ቲኬት ይቆረጥላቸዋል።

አሁን ወደ ዋጋው። በመተግበሪያ የሚከፈተው ስኩተር ርካሽ ይመስላል። ማስነሻው 1 ዩሮ፣ ከዚያ በደቂቃ 25 ሳንቲም አካባቢ። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሦስት ሰዓት 180 ደቂቃ ነው። በ25 ሳንቲም 45 ዩሮ፣ ከማስነሻው ጋር 46። ፎቶ ልታነሱ ስትቆሙም ሒሳቡ ይቆጥራል። እግረኛ በሚበዛባቸው ቦታዎች ደግሞ ሕጉ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቅድም። እሱ የፈጣን እግረኛ ፍጥነት ነው። በእግራችሁ በነፃ ለምትደርሱበት ቦታ በደቂቃ 25 ሳንቲም እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው።

ሄልሜቱም አለ። ከታኅሣሥ 2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጀምሮ በጣሊያን ስኩተር የሚነዳ ሰው ሁሉ፣ አዋቂም ቢሆን፣ ሄልሜት የማድረግ ግዴታ አለበት። ከመንገድ ዳር የምታነሱት ስኩተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሄልሜት አታገኙም። ያለ ሄልሜት ከተያዛችሁ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ ይጀምራል። አንድ ስኩተር ላይ ለሁለት መውጣትም ክልክል ነው። ባልና ሚስት ለሁለት አንድ ተከራይተው ለመቆጠብ ሲሞክሩ አያለሁ። ተዉት።

ከአስጎብኚ ጋር የሚሄደው ሦስት ሰዓት እኔ በጠየቅኩባቸው ቦታዎች ከ50 እስከ 65 ዩሮ ነው። ሄልሜት አለው፣ አስጎብኚ አለው፣ ሲበላሽ የሚቀይርላችሁ ሰው አለ። ከ46ቱ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ከ4 እስከ 19 ዩሮ ነው። ሴግዌዩን ከ80 በታች አላገኘሁትም። ጎልፍ ካር ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅላችሁ በሰው 70 እና 80፣ ለአራት ሰው ብቻውን ሲያዝ ደግሞ 250 አካባቢ ይጠየቃል። ከ40 በታች «ሦስት ሰዓት ከነአስጎብኚው» የሚላችሁ ካለ አንድ ነገር ቀንሷል። ወይ ጎማው ነው፣ ወይ ባትሪው፣ ወይ ሰውየው።

ጎማውን ላስረዳችሁ፤ ብዙ ሰው የማያየው እሱን ነው። የድሮዋ ሮም መንገድ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ሳምፒየትሪኒ ይሉታል። የአዲስ አበባን ኮብልስቶን አስቡ፤ ግን ያረጀ፣ ብዙ ቦታ የተነቀለና የሰመጠ። ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። እዚያ ላይ ትንሽና ደረቅ ጎማ ስታመጡ ከመዳፋችሁ እስከ ጥርሳችሁ ይንቀጠቀጣል። አከራዮች ደረቁን ጎማ ይወዱታል፤ አይተነፍስማ። ካላማዳሪ አይገዙም፣ ጎሚስታ አይከፍሉም። ለነጂው ግን ጠላት ነው። ያ ንዝረት የመሪውን ቡሎን ቀን በቀን ያላላዋል። ጋራዥ በነበርኩበት ጊዜ ከሚመጡልኝ ስኩተሮች አብዛኛዎቹ መሪያቸው የላላ ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ደረቅ ጎማ ያላቸው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ጎኑ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ካለው ደረቅ ነው። ነፋስ ያለው ከሆነ መንፊያ አፍ ታያላችሁ። ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 10 ኢንች ቢሆን ጥሩ ነው። 8 ኢንቹ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባል።

ቀጥሎ መሪውን። የፊት ፍሬን ካለው ያዙና መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉት። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ተበልቷል። አትውጡበት። ሌላ ስጡኝ በሉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። ያ መገጣጠሚያ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ በፊታችሁ ነው የምትወድቁት።

ፍሬኑን ይዛችሁ ስኩተሩን ግፉት። ጎማው ከዞረ የፍሬኑ ሸራ አልቋል ወይም ፎርጅድ ሸራ ነው። የዋናው ሸራና የፎርጅዱ ዋጋ ልዩነት ጥቂት ዩሮ ነው። ሃያ ስኩተር ያለው ሰው ግን ያችን ጥቂት ዩሮ በሃያ ያባዛና ርካሹን ይገዛል። እኔ ራሴ «ይሄን አልገጥምም» ብዬ ከአንድ አከራይ ጋር ተጣልቻለሁ።

ባትሪው ላይ የሚታየውን ምልክት አትመኑ። የአክስቴ ልጅ ስኩተር ሜዳ ላይ ሦስት መስመር ያሳይ ነበር። ያረጀ ባትሪ ሜዳ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ያኔ የባትሪው ቮልቴጅ በአንዴ ይወርድና ስኩተሩ ራሱን ያጠፋል። ሮም ደግሞ የሰባት ኮረብታ ከተማ ናት። «ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የሚሠራ ሰው ሳያመነታ ይነግራችኋል።

ሴግዌይን ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። ዕቃው ሲሠራ በጣም ጥሩ ነበር። ትልልቅ ጎማ አለው፣ ኮብልስቶኑን ከማንም በተሻለ ይረግጠዋል። ግን ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት ያቆመው በሐምሌ 2020 ነው። ዛሬ የምትወጡበት ሁሉ ቢያንስ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሌሎች ሴግዌዮች ይፈታሉ፣ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ይገባል። ተራ ስኩተር ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል፣ እናንተም ትወርዳላችሁ። ሴግዌይ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በሞተሩ ነው። ኃይል ካጣ አብሮ ይወድቃል። ገና በ2003 ባትሪው ሲደክም ሰው ይጥላል ተብሎ ለማስተካከያ ወደ ፋብሪካው ተጠርቶ ነበር። የክብደት ወሰንም አለው፤ ከ45 ኪሎ በታችና ከ118 ኪሎ በላይ አይሆንም። ቀጫጭን ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አስቡበት። ለዚህ ሁሉ 80 ዩሮ? እኔ አልከፍልም።

ጎልፍ ካሩ እንደ ባጃጅ ነው፤ ተቀምጦ መሄድ። እናታችሁ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሌላ አማራጭ አትፈልጉ፣ 250ውን ለአራት ተካፈሉት። ጉልበት ላለው ሰው ግን፣ አራት ካልሞላችሁ ውድ ነው፤ ስኩተሩ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድም አያልፍም።

ስለ አስጎብኚው ደግሞ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ አለው፤ አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ከፊት እየነዳ «ይሄ ኮሎሲየም ነው» የሚል ሰው አስጎብኚ አይባልም። ጥሩው ግን ከስኩተሩ ይበልጣል። የማይነዳበትንም ይነግራችኋል። በ2022 ሁለት ቱሪስቶች ስኩተር ይዘው የስፔን ደረጃ በሚባለው የሮም ታዋቂ ደረጃ ላይ ወረዱ፤ አንዷ ስኩተሩን ቁልቁል ወረወረችው። ጉዳቱ 25,000 ዩሮ ተገመተ፣ እያንዳንዳቸው 400 ዩሮ ተቀጡ።

እኔ አስጎብኚ የምፈትንበት አንድ ቦታ አለኝ። ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ተነስታችሁ ፓላቲኖን በቀኝ ይዛችሁ ስትወርዱ ሰርኮ ማሲሞ ጋ ትደርሳላችሁ፤ የጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ነው። እዚያ ጥግ ላይ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ የእኛ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትር የሚሆነውን፣ ድሮ ወድቆ የተሰባበረውን ድንጋይ በ1937 አምጥተው ተከሉት። ሕንፃው ያኔ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ በ2005 በአውሮፕላን ሦስት ቦታ ተከፍሎ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። «እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ካለ ስልካችሁን አውጡና ራሳችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የአክስቴ ልጅ ልጆች ያን ቀን ከሁሉ የወደዱት ያንን ባዶ ቦታ ነው። ኮሎሲየሙን በፊልም አይተውታል።

አንድም የፎሪ ኢምፔሪያሊ መንገድ አለ። ሙሶሊኒ በ1932 ያስመረቀው ነው። ግድግዳው ላይ የሮም ግዛት ያደገበትን የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ። በ1936 አምስተኛ ተጨምሮ ነበር፤ ኢትዮጵያም እዚያ ላይ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ተነሣ። እሁድ ከሄዳችሁ መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ትነዳላችሁ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይጋግራል። ነጠላ ለብሳችሁ አትውጡ፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ ይገባል። ሹሩባ የተሠራችሁ ሄልሜቱን ቀድማችሁ ለኩት፣ ሁለት ሦስት መጠን አላቸው።

በትራንዚት የምታልፉ ደግሞ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ከአየር ማረፊያው ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ከወጣችሁ በኋላ ወደ ቴርሚኒ፣ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ የሚወስደውን የ14 ዩሮ ባቡር አትያዙ። የ8 ዩሮውን ያዙና ኦስቲየንሴ ውረዱ። እዚያው አጠገብ ፒራሚዴ የምትባል የሜትሮ ጣቢያ አለች። በ1.50 ዩሮ ቲኬት ቀጣዩ ጣቢያ ሰርኮ ማሲሞ ነው፤ ሐውልቱ የነበረበት ጥግ ላይ ትወጣላችሁ።