ደላላው ያልነገረኝ ቱቦ፦ ከቀይዋ ኤምአር ጋር ስምንት ወር

ሐረጎን ለማያውቅ ላስረዳ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ነው። ታች ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ላይ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ። መሃሉ ጥምዝምዝ ነው። የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ከገባ ደግሞ ጉዞው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል።

ሐምሌ ላይ እዚያ ዳገት መሃል ቆሜ ነበር። ዝናብ፣ ጉም፣ ከወንበሬ ጀርባ ደግሞ እንፋሎት። አዎ፣ ከጀርባዬ። የዚህች መኪና ሞተር ያለው እዚያ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራች ቶዮታ ኤምአር2 ናት። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። ባለ ሁለት ወንበር ናት። መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኖው ብቅ ይላሉ፣ ሲጠፉ ይተኛሉ። የደሴዋ የሆጤ ሰፈር ልጆች መጀመሪያ «ፌራሪ! ፌራሪ!» እያሉ ይከተሏት ነበር። ቆይተው «ጠቃሿ» የሚል ስም አወጡላት፤ አንዱ መብራት ከሌላው ዘግይቶ ስለሚነሳ። ስሙ ጸንቷል።

የተጠየቀው ዋጋ 1.9 ሚሊዮን ብር ነበር። በ1.65 ተስማማን። በዚያ ብር ደህና ቪትዝ ይገዛ እንደነበር ቤተሰቤ በየበዓሉ ያስታውሰኛል። አክስቴ የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብላ አየቻትና «ይሄ ነገር መኪና ነው ጫማ?» አለችኝ። እስካሁን አልገባችባትም።

ደላላው ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፦ ብርቅ። «ወንድሜ፣ ይቺ ሱፐርካር ናት፤ አገሩ ላይ እህት የላትም።» ኋላዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም አሳየኝ። «ኤምአር» ይላል፤ 2 የለበትም። «አየህ? ቁጥር የሌላት ልዩ ምርት ናት፤ ከስንት አንድ።» አመንኩት። እንዲያውም ለዚያች ለጎደለች ቁጥር ትንሽ ሳልጨምር አልቀረሁም።

ኋላ ሳጣራ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቶዮታ ይህችን መኪና ፈረንሳይ አገር ሲሸጥ 2ቱን አውጥቶ «ኤምአር» ብቻ ነበር የሚላት። ለክብር ብሎ አይደለም። «ኤም ኤር ዶ» ተብሎ በፈረንሳይኛ ሲነበብ ከአንድ የብልግና ስድብ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የኔዋ በጅቡቲ በኩል የገባች የፈረንሳይ መኪና ናት። ስድብ ነው የገዛሁት።

ደግሞስ ብርቅ ማለት ምንድን ነው? ማክላረን ኤፍ1 የሚባለውን የእንግሊዝ ሱፐርካር እንውሰድ። በጠቅላላው 106 ብቻ ነው የተሠራው። የሞተሩ ክፍል ሙቀት እንዲመልስ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ያ ብርቅ ነው። የኔዋ በብዙ ሺህ ተሠርታ ዓለምን ያዳረሰች ናት። ወሎ ላይ ብርቅ የሆነችው ወደዚህ የሚያመጣት ሰው ስላልነበረ ነው። የዚያኛው ብርቅነት ዋጋ ያወጣል። የዚህኛው መለዋወጫ ያሳጣል።

ወደ ሐረጎ ልመለስ። ከላይ ይወርድ የነበረ የሲኖትራክ ሾፌር አየኝና ቆመ። የፊቱን ኮፈኖ ከፍቶ ሞተር ፈለገ። ያገኘው ትርፍ ጎማ ነው። ሳቁ አመለጠው። «አብሽር» አለኝና ጀሪካኑን አወረደ። እስክትበርድ ጠብቀን ከኋላ ውሃ ጨመርንባት። ሁለት ሊትር ያህል ጠጥታ ሞላሁ አለች። አመስግኜው ተነሳሁ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ መርፌው ተመልሶ ቀይ ላይ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ራዲያተሯ አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ሞተሯ ጀርባዋ ላይ። ውሃው በሆዷ ሥር በሚያልፉ ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ሲመላለስ ይውላል። ከ10 ሊትር በላይ ትይዛለች። መንገድ ላይ አንድ ቦታ አየር ከታሰረ ውሃው አይዞርም፤ መሙያው ጋ ግን የሞላ ይመስላል። የኔና የሾፌሩ ሁለት ሊትር እንዲህ ነው የሸወደን።

ጋሼ ልጅ ልከው ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ አስመጡ። ፊት ለፊት ያሉትን የአየር ማስወጫዎች ፈትተው ቱቦውን ሰኩና ወደ ላይ ሰቀሉት። ከኋላ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ያፈሳሉ። አረፋው በቱቦው እየተንተከተከ ሲወጣ ይታያል። ሆስፒታል የተኛች ነው የምትመስለው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። «ልጄ፣ መኪናህ ትኩሳት የላትም፤ ነፋስ ነው የገባት» አሉኝ።

ነፋሱ በየት ገባ? በክሪክ አንስተን ሥሯን ስናይ አንደኛው የብረት ቱቦ ተፍቆ ተበስቷል። ዝቅተኛ መኪና ናት፤ የፍጥነት መገደቢያ ሁሉ ሆዷን ይነካዋል፤ ያ አይገርምም። የገረመኝ ቀዳዳው በብረት ማጣበቂያ ተደፍኖ በላዩ ጥቁር ቀለም መቀባቱ ነው። የቀረው ሥሯ በሙሉ አቧራና ዝገት ሆኖ እዚያች ቦታ ብቻ ቀለሙ ያበራል።

«ወንድሜ፣ እኔ ደላላ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» ትለኛለህ። እሺ። ታዲያ የጎደለችውን 2 ቁጥር እንዴት አየሃት?

መለዋወጫውን ስፈልግ ደግሞ የብርቅነት ትርጉም በደንብ ገባኝ። ሞተሯ ባለ 2 ሊትር ነው፤ ከመጀመሪያው ትውልድ ራቭ ፎር ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ራቭ ፎር ደግሞ ደሴ ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ ለሞተሩ መካኒኩ አይደነግጥም። ቱቦው ግን የሷ ብቻ ነው። ራቭ ፎር ሞተሩ ከፊት ስለሆነ እንዲህ ያለ ቱቦ አያውቅም። አዲስ አበባ አስጠየቅሁ፤ የለም። በመጨረሻ አንድ ብየዳ ቤት ከአይዝጌ ብረት አጥፎ ሠራልኝ። ሦስት ሳምንት ቆማ፣ 46 ሺህ ብር በላች። ይህ ገንዘብ በተጠየቀው ዋጋ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

ቱቦው ተቀይሮም ደሴ ከገባሁ በኋላ ትፈላ ነበር። ይሄኛው እንኳ የደላላው ጥፋት አይደለም፣ የአገሩ ነው። ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ክክ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቁታል። መኪናን የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የኔው ክዳን ስፕሪንጉ ደክሞ ኖሯል። በጥቂት መቶ ብር ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ መርፌው መሃል ላይ ነው። አንድ ትርፍ ክዳን በመሳቢያው ይዤ እዞራለሁ፤ ሰው ፎቶ እንደሚይዘው።

ስለ ጉልበቷም አንድ ነገር። ደላላው «156 ፈረስ» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ። ባሕር ዳር አላልኩም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ደሴ ስደርስ ወደ 40 የሚጠጉት ፈረሶች ሐረጎ ላይ ወርደው ቀርተዋል።

ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ደህና ናቸው። በዝናብ ጥምዝ ላይ ድንገት እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ግን አይሞከርም፤ ክብደቷ ኋላ ስለሆነ ጅራቷ ቀድሟት ሊሄድ ይፈልጋል። አንዴ ሞክሬው ሱብሐን አላህ ብያለሁ።

ታዲያ ዋጋዋን ታወጣለች? ደላላው «አስቀምጣት፣ ዋጋዋ ይወጣል» ብሎኝ ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ታገደ። እውነት ነው፣ ያለው መኪና ሁሉ ተወደደ። ግን ቪትዙም ተወዷል እኮ! ቪትዝን ጠዋት ብታወጣው ለማታ ይሸጣል። የኔዋን ማን ይገዛታል? ስምንት ወር ሙሉ «ስንት ነው?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ «ልግዛት» ያለኝ የለም።

ይህን ሐምሌ ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የከፋ ታነቡ ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። ጠዋት ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ፀሐይ ወጥቷል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ጆሮዬ ሥር ያንጎራጉራል። መሪዋ እንደ ብዕር ነው፤ ያሰብከውን ትጽፋለች። ሐይቅ ዳር ቡና ጠጣሁ፣ በረካው እስኪደርስ ልጆቹ መብራቷን እንዳስጣቅስላቸው አስር ጊዜ ለመኑኝ። አስር ጊዜ አስጠቀስኩ።

እና ዛሬ ከጠየቃችሁኝ፣ አልጸጸትም። ግን 1.65 አታወጣም። 1.3፣ ቱቦዋ ተቀይሮ።

ደላላው ይህን ካነበብክ፣ ወንድሜ፣ የ2 ቁጥሯን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ፤ አስቀኸኛል። የቱቦውን 46 ሺህ ግን እንተሳሰባለን።