ለዲሴምበር የኦርላንዶ ጉዞ በ199 ዶላር «ፓኬጅ» ሲቀርብላችሁ

ውድ ወገኖቼ፣ በተለይም በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ የምትኖሩና ልጆቻችሁን በዲሴምበር የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ለመውሰድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት በእኛ ቤት የደረሰው በእናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው። «ሦስት ሌሊት ሆቴል፣ ሁለት የመዝናኛ ትኬት፣ በጠቅላላው 199 ዶላር» የሚል ስልክ ከተደወለላችሁ፣ የሚሸጥላችሁ የሽርሽር ጉዞ እንዳልሆነ ከወዲሁ ዕወቁት። የሚሸጥላችሁ ታይምሼር ነው፤ ይህም በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት በአንድ ሪዞርት የማረፍ መብት ማለት ነው። 199 ዶላሩ ወደ መሸጫው አዳራሽ የሚያስገባችሁ ክፍያ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ነገሩ የጀመረው በአንድ የገበያ ማዕከል ነው። አዲስ መኪና አቁመው ዕጣ እንድንሞላ ሲጠይቁን ባለቤቴ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ትሁት ሴት ደውላ መኪናው ባይደርሰንም ሌላ ሽልማት እንደወጣልን አበሰረችን። ከዚያም ባለትዳር መሆናችንን፣ ሁለታችንም አብረን እንደምንሄድ፣ ዓመታዊ ገቢያችን ተደምሮ ስንት እንደሆነና ክሬዲት ካርድ ይኑረን አይኑረን ጠየቀች። ሽልማት የሚሰጥ ሰው ገቢ አይጠይቅም። ገቢ የሚጠይቅ ብድር ሊሰጥ ያሰበ ነው፤ ይህን በዚያች ደቂቃ ልናስተውል ይገባን ነበር። «ዘጠና ደቂቃ የሚወስድ አጭር ገለጻ» እንዳለ በመጨረሻው ላይ ጠቅሳ አለፈች። ባለቤቴም የካርዱን ቁጥር ሰጣት።

ዲሴምበር ሲቃረብ ዋጋው ማደግ ጀመረ። ቀን ለማስያዝ ስንደውል ወቅቱ የበዓል ስለሆነ በየሌሊቱ 60 ዶላር ጭማሪ እንዳለው ነገሩን። ሆቴሉ ስንደርስ ደግሞ ሪዞርት ፊ የሚባል በሌሊት 38 ዶላር ተጨመረ፤ ከገለጻው ብንቀር የማይመለስ 100 ዶላር ዲፖዚትም ተያዘብን። እንግዲህ 199ኙ ላይ 180 እና 114 ሲደመሩ 493 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ዲፖዚቱን ሳንቆጥር ነው። ሁለቱ ትኬቶችም ሦስት ልጆች ላሉን ለእኛ በመጀመሪያውኑ አይበቁም ነበር፤ ሆኖም ስንረከባቸው ጭራሽ የፓርክ ትኬት አልነበሩም። ከዶሮ ጥብስ ጋር የሚቀርብ የአንድ የእራት ትርኢት መግቢያ ነበሩ። እኛ ደግሞ በጾመ ነቢያት ላይ ነበርን። በስልክ የተባለው «የመዝናኛ ትኬት» ነበር እንጂ የየትኛው መዝናኛ እንደሆነ ማንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ገለጻው ጠዋት በ9 ሰዓት ተቀጠረ። ልጆቹን አሻንጉሊትና ቴሌቪዥን ወዳለበት ክፍል ወሰዱልን፤ ለእኛ ቡና ቀረበልን። የተመደበልን ሻጭ በጣም ደግ ሰው ይመስል ነበር፤ ስለ አገራችን ጠየቀን፣ እናቴ መቼ ልትጎበኘን እንደምትመጣ ጠየቀን፣ ልጆቹ አያታቸውን ይዘው በየዓመቱ ወደዚህ ሲመጡ እንድናስብ አደረገን። ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅ «አስተዳዳሪዬ መጥቶ ያሰናብታችኋል» አለን። የመጣው ሰው ግን ሊያሰናብተን ሳይሆን ዋጋ ሊቀንስ ነበር። ሁለተኛው ሲሄድ ሦስተኛው መጣ። ቁጥሮቹን ሁሉ በባዶ ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ይጽፉልን ነበር፤ 21,900 ጽፈው ሰረዙት፣ 14,900 ጽፈው አከበቡት፣ ከሥሩም «ዛሬ ብቻ» ብለው ጻፉበት። ስንወጣ ያንን ወረቀት ይዤ ልሄድ ብል ከእጄ ተቀብለው አስቀሩት። በእሱ ላይ የተጻፉት ተስፋዎች በውሉ ውስጥ አንዳቸውም እንዳልነበሩ ያወቅሁት ቤት ከገባን በኋላ ነው።

አዎ፣ ፈርመናል። አራት ሰዓት ያህል ከተቀመጥን በኋላ፣ ትንሹ ልጄ በዚያ ክፍል ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሳየው፣ ፈርሜ ከመውጣት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቅድመ ክፍያውን 1,490 ዶላር የከፈልነው እዚያው ጠረጴዛ ላይ በከፈቱልን አዲስ ክሬዲት ካርድ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ማጂክ ኪንግደም ወደሚባለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ሄድን። የበዓሉ ሰሞን ዋጋ ከባድ ነው፤ በዲዝኒ ፓርኮች የትኬት ዋጋ እንደ ቀኑ ስለሚለያይ በገና ሳምንት የአንድ ቀን የማጂክ ኪንግደም መግቢያ ለአንድ ሰው 200 ዶላር ገደማ ነው፤ በነጻ የሚገቡት ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ብቻ ሲሆኑ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። የእኛ ትልቁ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ለአምስታችንም የሙሉ ቀን ዋጋ ከፍለን ከቀትር በኋላ በ2 ሰዓት ተኩል ገባን። 6 ሰዓት ሲሆን በዚያ ምሽት ልዩ የገና ግብዣ ስላለ የተራ ትኬት የያዙ ሰዎች እንዲወጡ ተነገረ። ፓርኩ ይህን አስቀድሞ በይፋ ያሳውቃል፤ በኖቬምበርና በዲሴምበር በተመረጡ ምሽቶች ለግብዣው ለብቻው ትኬት ይሸጣል፣ የገዙትም ሰዎች በእጃቸው ላይ አምባር ያደርጋሉ። ሻጮቻችን ቀኑን ሲመርጡልን ግን ይህን አልነገሩንም። የስምንት ዓመቷ ልጄ የቤተ መንግሥቱ መብራት ሲበራ አይታ ወደ በሩ ስንመለስ፣ ከእኛ በተቃራኒ የሚገቡትን ልጆች አምባር እየተመለከተች «እኛስ የት ነው የምናገኘው?» አለችኝ። የሙሉ ቀን ከፍለን ያገኘነው ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከሁሉም ነገር ይልቅ ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን ስለ ውሉ ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህኛው እንዳይረሳችሁ እለምናችኋለሁ። ከ14,900 ዶላሩ ቅድመ ክፍያው ሲነሳ የቀረው 13,410 ዶላር በ17 በመቶ ወለድ ለዐሥር ዓመት የሚከፈል ብድር ነበር። ወርኃዊው ክፍያ 233 ዶላር ገደማ ስለሆነ በዐሥር ዓመት ውስጥ ለብድሩ ብቻ 28 ሺህ ዶላር ያህል ይከፈላል። በዚህ ላይ ሜይንተናንስ ፊ የሚሉት የዓመት የጥገና ክፍያ አለ፤ የእኛ በ1,100 ዶላር የሚጀምር ሲሆን ኩባንያው በየዓመቱ ሊጨምረው እንደሚችል ውሉ ይፈቅዳል። አንድ ዶላር እንኳ ባይጨምር ሁሉም ተደምሮ በዐሥር ዓመት ከ40 ሺህ ዶላር ያልፋል። ብድሩ ካለቀ በኋላም የዓመት ክፍያው አያቆምም፤ ሄዳችሁ ብታርፉበትም ባታርፉበትም ትከፍላላችሁ። ይህ ሁሉ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ፈርማችሁበታልና ለፖሊስ የምታመለክቱት ነገር የለም።

እኛን ያዳነችን በቤተ ክርስቲያን የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ እህት ናት። ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ከፊርማችን ከፍ ብሎ የተጻፈውን አንቀጽ በጣቷ አሳየችኝ። በፍሎሪዳ ሕግ መሠረት ታይምሼር የገዛ ሰው ውሉን ከፈረመበት ቀን፣ ወይም ሊሰጡት የሚገቡ ሰነዶች የመጨረሻው ከደረሰው ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየው ተይዞ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ይችላል። ይህን መብት ገዢው እንኳ ቢፈርም ሊተወው አይችልም፤ ስለዚህ ማንም ሻጭ «ይህን ቅናሽ ስለወሰዳችሁ መሰረዝ አትችሉም» ቢላችሁ አትመኑት። ስረዛው በጽሑፍ መሆን አለበት። ስልክ ደውላችሁ ብትናገሩ የሚያነሳው ሰው ሊያግባባችሁ ይሞክራል፤ ቀኑም ይነጉዳል። እኛ ስማችንን፣ የውሉን ቁጥርና ውሉን መሰረዛችንን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመንበት፣ በውሉ ላይ ወደተጠቀሰው አድራሻ በዘጠነኛው ቀን በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ማለትም የተላከበትን ማስረጃ በሚሰጥ ፖስታ ላክን፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝና የደብዳቤውን ቅጂ አስቀመጥን። 1,490 ዶላሩ ተመለሰ። የፓኬጁ 493 ዶላር ግን አልተመለሰም፤ የ100 ዶላሩም ዲፖዚት በስጦታ ካርድ መልክ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የመሰረዣው ጊዜ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ በኔቫዳ ወይም በሌላ ቦታ የፈረማችሁ ቁጥሩን ከራሳችሁ ውል ላይ አንብቡ።

ጊዜው ያለፈባችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። «ታይምሼራችሁን እንሸጥላችኋለን» ወይም «ከውሉ እናወጣችኋለን» እያሉ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቁ ደዋዮች አሉ፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንም ስለ እነዚህ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ከማንም በፊት የሸጠላችሁን ኩባንያ ራሱን ታይምሼሩን መልሶ እንዲረከባችሁ በጽሑፍ ጠይቁት።

ስለ ትኬትም አንድ ነገር ልጨምር፤ በማኅበረሰባችን የቴሌግራምና የቫይበር ቡድኖች ውስጥ ሰሞኑን «ሁለት ቀን የቀረው ትኬት በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ በብዛት አያለሁ። ለብዙ ቀን የተገዛ የዲዝኒ ትኬት ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በሩ ላይ የጣት አሻራ የሚጠየቀው ትኬቱን በመጀመሪያ ቀን የተጠቀመበት ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ ነው። በከፊል ያገለገለን እንዲህ ያለ ትኬት መሸጥ በፍሎሪዳ ሕግ ወንጀል ነው። ክፍያውንም ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ገንዘብ በሚላክበት በዜል ነው፤ በዜል በፈቃዳችሁ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ግን የገዛችሁት ነገር ሳይሰጣችሁ ሲቀር ሒሳቡ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። በጥቅሉ ውስጥ «ከአየር ማረፊያ ነጻ የዲዝኒ አውቶቡስ» የሚል ካያችሁም ሻጩን ተጠራጠሩት፤ ያ አገልግሎት ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የለም።

በዚህ በዓል ሰሞን ኦርላንዶ ሄዳችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ውሉን አውጥታችሁ የፈረማችሁበትን ቀን ተመልከቱ። ዐሥሩ ቀን እሑድንና በዓላትን ጨምሮ የሚቆጠር ነው፤ ዲሴምበር 20 የፈረመና በዚያው ዕለት ሰነዱን ሁሉ የተቀበለ ሰው ያለው ጊዜ እስከ ዲሴምበር 30 ብቻ ነው፤ በመካከሉም ዲሴምበር 25 ፖስታ ቤት ዝግ ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 (ጃንዋሪ 7) ነውና እሱ እስኪያልፍ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቀኑ ያልፍባችኋል። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚቸገር ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እኛ የላክነውን ቅጂ ስማችንን አውጥቼ እሰጠዋለሁ።