ክትትሉ አዲስ አበባ ይሁን ደብረ ብርሃን?

የጡት ካንሰር ሕክምና ጨርሳ ደብረ ሲና ለገባች ሴት ሁለት ምርጫ አለ፤ አዲስ አበባ መመላለስ ወይም ደብረ ብርሃን መታየት።

በመንገዱ ደብረ ብርሃን ያሸንፋል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየት የተለመደ ነው። ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውን፣ አብሮ የሚሄደውን ሰው ደምሩት። የደም ግፊት፣ የክኒን ጉዳይ፣ መደበኛ ምርመራ እዚያው ደብረ ብርሃን ያልቃል።

አዲስ አበባ ግን የካንሰር ሐኪሞቹና ፋይሏ አሉ። አዲስ እብጠት ወይም የማይለቅ የአጥንት ሕመም ከመጣ ወደዚያው ነው፤ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅም።

ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ አለ። ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ያለችው ሴት ፀጉሯ መቼ እንደበቀለ፣ ክንዷ ሲያብጥ ምን እንዳደረገች፣ ባሏ ምን እንዳለ ትነግራታለች። ሐኪሙ ለዚህ ጊዜ የት አለው? ሰፈር ውስጥማ በሽታው ስሙም አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ቡና ላይ ወሬው ወዲያው ይቀየራል።

እኔ ብሆን መደበኛውን ክትትል ደብረ ብርሃን አደርጋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የሕክምናዬን ማጠቃለያ በወረቀት፣ የዚያችን ሴት ስልክ ደግሞ በእጄ ይዤ። ምክሯን ሁሉ ግን አልቀበልም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሂጂ ካለችኝ እሄዳለሁ። ካንሰሩ እንዳይመለስ የምውጠውን ክኒን፣ ታሞክሲፌኑን፣ ተዪው ካለችኝ ግን ወይ ፍንክች!