ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻዬን በወጉ ላስተካከሉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በቅርቡ የገዛሁትን ያገለገለ ሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 የሸክላ ማጫወቻ ፈትሸው፣ አጽድተውና ልክ ልኩን አስይዘው ላስረከቡኝ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ፤ ውድ የሆነ አሮጌ ማጫወቻ ገዝቶ ለማን ልስጠው እያለ ለሚጨነቅ ሁሉ ደግሞ እኒህን ሰው ያለ አንዳች ማመንታት እጠቁማለሁ።

ይህ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በስኮትላንድ ሲመረት የኖረ ሲሆን፣ ዋናው ብልሃቱ ሸክላው የሚያርፍበት ሳህንና መርፌውን የተሸከመው ክንድ በ3 ሞላዎች ላይ አብረው እንዲንሳፈፉ መደረጋቸው ነው፤ በዚህም የተነሳ የሞተሩም ሆነ የጠረጴዛው ንዝረት በቀላሉ ወደ መርፌው አይደርስም። ይኸው ብልሃት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማጫወቻው ያለ ዝግጅት ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ ሞላዎቹ ከልካቸው ይወጣሉ፣ ከተገለበጠም የኩሽኔታው ዘይት ይፈሳል። የእኔው ከቀድሞ ባለቤቱ ሲመጣ መዞሩን ይዞር ነበር፤ ሆኖም ረዘም ብለው የሚቆዩ የፒያኖ ድምፆች ይዋልሉ፣ በሸክላው መጨረሻ ላይ ባሉት ዘፈኖች ደግሞ የዘፋኟ «ሰ» እና «ሸ» እየሻከሩ ጆሮ ይቧጥጡ ነበር።

ባለሙያው አንድም ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ሸክላ አስቀምጠው በጥሞና አዳመጡ፤ መርፌው ምን ያህል እንዳገለገለና ማጫወቻው እንዴት እንደተጓጓዘም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ሳህኑን አውጥተው፣ የኩሽኔታውን አሮጌ ዘይት ጠርገው፣ አዲሱን መጥነው ጨመሩ። ማጫወቻውን ከሥሩ ለመሥራት በሚያመች መቆሚያ ላይ ካሳረፉት በኋላ ያደረጉትን በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። ሳህኑን ከመሃሉ አጠገብ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ሲገባው ወደ አንድ ጎን እየተንገዳገደ ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሞላዎቹን ዳዶዎች ማጥበቅና ማላላት ይጀምራል። እሳቸው ግን አስቀድመው ከክንዱ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ መረመሩ፤ ገመዱ ከሥር ተወጥሮ ታስሮ ስለነበር የሚንሳፈፈውን ክፍል በሙሉ ወደ ራሱ ይጎትተው ነበር። ማሰሪያውን አላልተው ገመዱ በነፃነት እንዲንጠለጠል ካደረጉ በኋላ እያንዳንዱን ሞላ በቦታው ትንሽ ትንሽ እያዞሩ፣ ዳዶውንም በውሃ ልክ እየተከታተሉ አስተካከሉት። በመጨረሻ ሲጫኑት ሳህኑ ዘንበል ሳይል ቀጥ ብሎ ተመላለሰ። ምክንያቱን ሳያገኙ ምልክቱን አለመንካታቸው ለእኔ የሙያቸው ትልቁ ማረጋገጫ ነው።

ወደ ካርትሪጁ፣ ማለትም በክንዱ ጫፍ ላይ ወደሚታሰረው መርፌ ያዥ ክፍል፣ ሲመጡ የመርፌውን ጫፍ በማጉያ መነጽር አይተው ገና ብዙ እንደሚያገለግል ነገሩኝ። አዲስ እንድገዛ ቢመክሩኝ ኖሮ ያለ ክርክር እገዛ ነበር፤ ይህን ስል ስለ ታማኝነታቸው የምመሰክረው በሙሉ ልብ ነው። የድምፁ መሻከር የመጣው ካርትሪጁ በቦታው ጠማማ ሆኖ በመታሰሩ ነበር። በመለኪያ ካርዱ ላይ ከሳህኑ እምብርት በ66 እና በ121 ሚሊሜትር ርቀት ባሉት ሁለት ነጥቦች መርፌው ከመስመሩ ጋር ቀጥ እስኪል ድረስ አስተካከሉት፤ ትንሽ መስታወት ከሥሩ አድርገውም ወደ ግራም ወደ ቀኝም አለመዝመሙን አረጋገጡ። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት 1.8 ግራም ላይ አቆሙት። ቀላል ክብደት ሸክላውን ያድናል የሚለው ሰፊ እምነት ትክክል እንዳልሆነ ያስረዱኝም በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሚገባው በላይ የቀለለ መርፌ ድምፁ በተቀረጸበት የሸክላው ቦይ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይፈልጠዋል፣ ስለዚህ አምራቹ ከወሰነው ክልል መውረድ አይገባም።

ደርቆ የነበረውን ቺንጋ በአዲስ ተክተው፣ ፑሌጃውን በአልኮል አጽድተው ፍጥነቱን መረመሩ። ለዚህም 180 መስመሮች የታተሙበትን ክብ ካርድ ሳህኑ ላይ አኑረው በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሚበራ መብራት ተመለከቱት፤ መስመሮቹ የቆሙ ሲመስሉ ሳህኑ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እየዞረ ነው ማለት ነው። መስመሮቹ ቆሙ።

አሁን ፒያኖው አይዋልልም፣ የመጨረሻው ዘፈን እንደ መጀመሪያው ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለሙያው የክብደቱንና የከፍታውን ልክ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ የቀየሩትን አሮጌ ቺንጋም መልሰውልኛል።

ሥራቸው ፈጣን አይደለም፣ ለሚቸኩል ሰውም አይሆኑም። ባለቤቱ አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲያይ ይፈልጋሉ፤ ጥያቄም አያሰለቻቸውም። ስለፈቀዱልኝ አድራሻቸውን በግል ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ማጫወቻችሁን ወደ እሳቸው ስትወስዱ ሳህኑን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉ፣ ክንዱን ከማረፊያው ጋር እሰሩ፣ የመርፌውን ክዳን ግጠሙ፣ ዋናውን አካል ደግሞ ሳታጋድሉ ያዙ። የካርትሪጁ መመሪያ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።