ካፒቴን መሆን የምትፈልጉ የሲያትል ልጆች፣ ጋሼን ላስተዋውቃችሁ

የካፒቴን ላይሰንሴ በፖስታ ደረሰኝ። ክብር ለእግዚአብሔር! እስከ 6 ከፋይ ተሳፋሪ የሚጭን ጀልባ ለመንዳት የሚያስችለው፣ እዚህ «ሲክስ ፓክ» የሚሉት ፈቃድ ነው። ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ።

ጋሼ ድሮ ምፅዋ፣ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። አሜሪካ ከመጡ በኋላ እንደገና ተፈትነው ካፒቴን ሆነዋል። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

በፈተናው ሌሎቹን ክፍሎች 70 ከመቶ ካመጣችሁ ታልፋላችሁ። የባሕር ላይ የመንገድ ሕግ ግን 90 ይጠይቃል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነበር።

ጋሼ ይህን የሚያስተምሩት ጋራዣቸው ውስጥ ነው። መብራቱን ያጠፉና መርከብ ማታ እንደሚያበራቸው ያሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ አምፖል ይዘው ጥግ ላይ ይቆማሉ። «ማነው? ወዴት እየሄደ ነው? አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ይላሉ። በቀኝህ በኩል ቀይ ካየህ፣ ያየኸው የዚያን መርከብ ግራ ጎን ነው። ሊያቋርጥህ ነውና መንገድ የምትለቀው አንተ ነህ። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ከታዩህ ፊት ለፊት እየመጣብህ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከላይ ቀይ ከታች ነጭ ከሆነ ዓሣ እያጠመደ ነው። ቀይ በቀይ ላይ ከሆነ መርከቡ ከቁጥጥር ውጪ ነው፣ ራቅ በልለት። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም። አምፖሎቹን እንደያዙ በጨለማው ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ መብራቱ ሲቀያየር መርከቡ ሲዞር ይታያችኋል። አሁን ማታ ፒውጄት ሳውንድ (ሲያትል ዳር ያለው ባሕር) ላይ ሰው ማመላለሻው ፌሪ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ይገባኛል።

ወረቀቱም ላይ ውለታቸው ብዙ ነው። ጀልባ ላይ 360 ቀን መሥራታችሁን ማስረዳት አለባችሁ፤ ከዚያ ውስጥ 90ው ባለፉት 3 ዓመታት የተሠራ መሆን አለበት። በትንሽ ጀልባ 4 ሰዓት እንደ አንድ ቀን እንደሚያዝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰው ጀልባ ላይ ከሠራችሁ ባለቤቱ ይፈርምላችኋል፤ የራሳችሁ ከሆነ የባለቤትነት ማስረጃ ታያይዛላችሁ። ጋሼ ቅጹን መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ነው ያዩልኝ። የጤናና የዕፅ ምርመራው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር (ልብና ትንፋሽ የማስቀጠል) ሰርተፊኬቱ፣ ትዊክ ካርዱ (የወደብና የመርከብ ሠራተኞች የደኅንነት መታወቂያ) አንድም ሳይጎድል ላክን።

ዜግነት ያልወሰዳችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በግሪን ካርድም ይቻላል፤ ፈቃዱ ግን በፌዴራል መዝገብ ባልሰፈሩ፣ ከ5 ኔት ቶን በታች በሆኑ ጀልባዎች ብቻ ይወሰናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጋሼ ሰርተፊኬት አይሰጡም። ይህንን ገና በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነግሯችኋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ያጸደቀውን ኮርስ ሌላ ቦታ መውሰድ፣ ወይም እዚሁ ሲያትል ባለው የኮስት ጋርድ ማዕከል መፈተን የእናንተ ፋንታ ነው። ኮርስ ወስዳችሁ ያልገባችሁን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ግን እሳቸውን የሚያህል አላየሁም። ክፍያቸውም አይጎዳም።

ውሃው ደጃችን ላይ ነው፤ ውሃው ላይ የሚሠራ ሐበሻ ግን እምብዛም አላይም። እንድንበዛ ከልቤ እመኛለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

የሚያስተምሩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በአንዴ ከሦስት ሰው በላይ አይቀበሉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ እርሳስና ላጲስ ያዙ፤ በእስክሪብቶ ካርታ ላይ ማስመር አይፈቅዱም።